ባሕር አይታጠርም፦ የሳልሚያ ጎረምሶችና የዕንቁ ጀልባ ቅርስ

ኩዌት ውስጥ ወጣቶች ተፈጥሮን ለመጠበቅ በፈቃዳቸው ስለሚሠሩት ሥራ ሲጻፍ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ ከጦርነቱ ይጀምራል። በ1991 (ኩዌትን የሚመለከቱ ዓመታትን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ) የኢራቅ ወራሪ ጦር ሲያፈገፍግ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶች በእሳት ተያያዙ። ወደ ባሕረ ሰላጤው የፈሰሰው ድፍድፍ ዘይት በሚሊዮን በርሜሎች የሚቆጠር ነበር። የመጨረሻው የሚነድ ጉድጓድ የተዘጋው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 6 ቀን ነው። ከዚህ ሁሉ ጥፋት በኋላ ትውልዱ ዓይኑን ገለጠ፣ ወጣቱ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ፣ ጽዳቱም ጥበቃውም ከዚያ ተወለደ ይባላል። ትረካው ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። የተቆጣ ወጣት ሁሉ ጠልቆ ከኮራል ላይ የተጠመጠመ መረብ መፍታት አይችልም። ያ ችሎታና ያ ድፍረት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከነዳጅ በፊት ወደነበረው ወደ ዕንቁ ጠላቂዎች ጀልባ መመለስ ይኖርበታል። እኔ የምከራከረው ስለዚህ ነው፦ በኩዌት ባሕርን የመጠበቅ ልማድ የጸናው ታዳጊዎች በባሕሩ ላይ የሥራ ድርሻና ተጠያቂነት በነበራቸው ዘመን ነው፤ የላላውም ያ ድርሻ በጠፋ ጊዜ ነው፤ ዛሬ ሊያንሰራራ የሚችለውም ድርሻው ለሁሉም ታዳጊ ሲመለስ ብቻ ነው።

በኩዌት ያለችውን ሐዋሊን የሚያውቃት የዛሬ ሰው ባሕር አያስብባትም። ሕንፃው በሕንፃ ላይ የተደረደረባት፣ የኮምፒውተር መለዋወጫ ሱቅና የምግብ ቤት ሽታ የሞላባት፣ ነዋሪዋም በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጣ ሰው የሆነባት ሰፈር ናት። ቀድሞ ግን ከኩዌት ከተማ የጭቃ ግንብ ውጭ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች፤ ስሟም ከጉድጓዶቿ ጣፋጭ ውኃ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ለዚያ አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ ከሻት አል ዐረብ ወንዝ በሸራ ጀልባ ሲያስጭን የኖረ ነው፤ የባሕር ውኃ አጣርቶ ለከተማ የሚያቀርበው ፋብሪካ የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ዛሬ ሐዋሊ የሚለው ስም ሰፈሯን ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ ያለውን ጠቅላይ ግዛትም ይመለከታል። ያ ጠቅላይ ግዛት ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ባሕሩን ይነካል፤ ከሚነካባቸው ቦታዎችም አንዷ ሳልሚያ ናት። ሳልሚያ ቀድሞ ዲምና የምትባል የባሕር ዳር መንደር ነበረች። ዛሬ የገበያ ማዕከሎቹ፣ በ2000 የተከፈተው የሳይንስ ማዕከል፣ እንዲሁም ለዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆነው የኩዌት የባሕር ስፖርት ክለብ ያሉት እዚያ ነው።

የዕንቁው ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የእንግሊዙ የሕንድ መንግሥት ሹም ሎሪመር ስለ ባሕረ ሰላጤው ያጠናቀረው ትልቅ መዝገብ ጥሩ መነሻ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኩዌት 461 የዕንቁ ጀልባዎችና ወደ 9,200 የሚጠጉ ባሕርተኞች እንደነበሯት መዝግቧል። ለአነስተኛ የወደብ ከተማ ይህ ማለት ጤነኛ ወንድ ሁሉ በበጋው ወራት ከተማውን ለቆ ይወጣል ማለት ነው። ታላቁ መጥለቅ የሚባለው የሥራ ወቅት በግንቦት ገደማ ተጀምሮ በመስከረም ያበቃ ነበር። ጀልባው የራሱ ማዕረግ ነበረው። አዛዡ ኖኸዳ ይባላል። ገይስ ጠላቂው ነው፤ በእግሩ ድንጋይ፣ በአፍንጫው ከቀንድ ወይም ከኤሊ ልብስ የተሠራ መቆንጠጫ፣ በአንገቱ የዛጎል ቅርጫት ይዞ ይወርዳል። ሰይብ ገመዱን ይዞ ከላይ ይጠብቀዋል፤ ጠላቂው ገመዱን ሲነቀንቅ ጎትቶ ያወጣዋል። ከሰይብ በታች ረዲፍ አለ፤ ይህ ጎረምሳ ነው፤ ገመድ ያግዛል፣ ምግብ ያቀርባል፣ ዛጎል ይከፍታል። ከሁሉም በታች ተባብ የሚባለው ትንሽ ልጅ አለ፤ ቡና ያቀብላል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ያያል። ደመወዙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጀልባው ላይ የወጣበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ሲያይ ኖሮ ረዲፍ ሊሆን፣ ረዲፍ ሆኖ ሰይብ ሊሆን፣ ሰይብ ሆኖ ጠላቂ ሊሆን ነው።

ልጁ የሚያየው ነገር ብዙ ነበር። የዕንቁ ዛጎል የሚራባባቸው የባሕር ወለሎች፣ ሂር የሚባሉት፣ በካርታ የተሣሉ አልነበሩም፤ በኖኸዳው ትዝታ፣ በኮከብ፣ በውኃው ቀለምና በእርሳስ በታሰረ ገመድ በሚለካ ጥልቀት የሚገኙ ነበሩ። ነፋሱ ከየት ሲመጣ ውኃው እንደሚደፈርስ፣ ጄሊ ዓሣ በየትኛው ወር እንደሚበዛ፣ የትኛው ወለል ባለፈው ዓመት እንደተራቆተና ዘንድሮ መታለፍ እንዳለበት፣ ይህ ሁሉ በዕለት ሥራ ውስጥ ተሸሽጎ ከአዛውንት ወደ ጎረምሳ ያልፍ ነበር። በባሕር ዳር መንደሮች ደግሞ ሐድራ የሚባል ከሸምበቆና ከዘንባባ የተሠራ የዓሣ አጥር ነበር፤ ማዕበሉ ሲሸሽ ልጆች ወርደው ዓሣውን ይለቅማሉ። ሐድራ ያለበት ቤት ልጅ የባሕሩን መሸሻና መመለሻ ሰዓት ሳያውቅ አያድግም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል። የዕንቁ ሥራ ተፈጥሮን ለመጠበቅ ታስቦ የተሠራ ሥርዓት አልነበረም። ዛጎሉን ያዳነው የሰው እስትንፋስ አጭር መሆኑና የክረምቱ ውኃ ቅዝቃዜ ነው። ጠላቂው ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳይበልጥ መውጣት ነበረበት፤ ወቅቱ ሲያልቅ ወለሉ ለወራት ያርፍ ነበር። ያም ሆኖ የሰው ውሳኔ የገባበት ነጥብ አለ። ወለሎቹ በዳርቻው ለሚኖሩ ሕዝቦች የጋራ ተደርገው ይታዩ ነበር። የውጭ ኩባንያዎች በብረት ባርኔጣና በአየር ቱቦ የሚሠሩ ጠላቂዎችንና የባሕር ወለል የሚያርስ መሣሪያ ይዘው ለመግባት ሲሞክሩ የባሕረ ሰላጤው ሰዎች ተቃወሙ፤ እንግሊዞችም የራሳቸውን ጥቅም አስልተው በሩን ዘጉባቸው። ይህን ከሴሎን ጋር ማነጻጸር ይበጃል፤ እዚያ የዕንቁ ወለሎቹ በ1906 ለ20 ዓመት ለአንድ የለንደን ኩባንያ በኪራይ ተሰጡ፤ ኩባንያው ግን ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይሠራ ከሰረ። የባሕረ ሰላጤው ልማድ ፍጹም ነበር አልልም። ዋጋው ባሻቀበበት በ1912፣ ኩዌቶች የመትረፍረፍ ዓመት ብለው በሚያስታውሱት፣ ወደ ባሕሩ ያልወጣ ሰው ጥቂት ነበር፤ ያን ጊዜ ስለነገው ዛጎል የተጨነቀ አልነበረም። ቁምነገሩ ገደቡን ያበጁትና የጠበቁት የባሕሩን ወለል በእጃቸው የሚዳስሱት ሰዎች መሆናቸው ነው።

አሁን ከባድ ተቃውሞ ይመጣል፤ መምጣቱም ተገቢ ነው። ስለ ዕንቁ ጀልባ በናፍቆት የሚያወራ ሰው የጀልባውን ጭካኔ ይረሳል። ጠላቂው ከወቅቱ በፊት ለቤተሰቡ ቀለብ ብድር ይወስዳል፤ ወቅቱ ሲያልቅ ድርሻው ዕዳውን አይከፍልም፤ ዕዳው ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። በ1938 እና በ1939 ከኩዌት ኖኸዳዎች ጋር የተጓዘው አውስትራሊያዊ አለን ቪሊየርስ በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የዕዳ ሰንሰለት በግልጽ አውግዟል። ኩዌቶች ራሳቸውም አልሸሸጉትም። በ1972 የተሠራውና የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም ልብ ወለድ ፊልም የሆነው የኻሊድ አል ሲዲቅ «በስ ያ ባሕር» የሚተርከው ባሕሩ የአባቱን አካል የጎዳበት፣ እሱ ግን ለማግባት ገንዘብ ፈልጎ የሚጠልቅና ሰምጦ የሚቀር ወጣት ነው። ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ የሚቀርብ ቁስል አለበት። በባሕረ ሰላጤው የዕንቁ ጀልባዎች ላይ ከጠለቁት መካከል ከምሥራቅ አፍሪካና ከኢትዮጵያ ምድር በልጅነታቸው ተወስደው የተሸጡ ባሪያዎች ነበሩ፤ ጌታው ጀልባው ላይ ሳይወጣ ድርሻቸውን ይወስድ ነበር። የእነዚያ ልጆች ባሕር መማር በፈቃድ አልነበረም።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ክርክሬን ግን አያፈርሰውም። ዕዳውና ባርነቱ የነጋዴውና የገበያው ሥራ ነበሩ፤ ልጅን በየደረጃው ከገመድ ወደ ጥልቀት የሚያሳድገው ሥርዓት ከእነሱ ጋር አብሮ ኖረ እንጂ ከእነሱ የተወለደ አይደለም። ሁለቱን ለይቶ አንዱን መጣልና ሌላውን መያዝ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በሐሳብ ብቻ የሚመለስ አይደለም። መልሱን ኩዌቶች ራሳቸው ከ1986 ጀምሮ በተግባር ሞክረውታል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን በመካከል የጠፋው ምን እንደሆነ መታየት አለበት።

ዕንቁው የወደቀው በፍጥነት ነው። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ዛጎልን በሰው እጅ እያረባ ዕንቁ ማውጣት በ1893 ጀመረ፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ክቡ የጃፓን ዕንቁ አውሮፓ ገበያ ደረሰ፤ በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ። በ1938 በቡርጋን ነዳጅ ተገኘ፤ በ1946 የመጀመሪያው ነዳጅ ወደ ውጭ ተጫነ። የጠላቂ ልጅ ትምህርት ቤት ገባ፣ ከትምህርት ቤት ቢሮ ገባ። ማንም አስተዋይ አባት ልጁን ወደ ዕዳ ጀልባ አይመልስም፤ ስለዚህ ለውጡን መውቀስ ከንቱ ነው። ነገር ግን በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ባሕሩን በወለሉ የሚያውቅ ጎረምሳ ከኩዌት ጠፋ። ባሕሩ መዝናኛ ሆነ። ዳርቻው በአፈር እየተደለደለ መንገድና ሆቴል ተሠራበት። የዓሣ ጀልባዎቹን የሚያንቀሳቅሱት እየዋለ እያደረ ከግብፅ፣ ከሕንድና ከባንግላዴሽ የመጡ ሠራተኞች ሆኑ። የባሕሩ እውቀት ጨርሶ አልጠፋም፤ በነገ ውሳኔ ላይ ድምፅ ወደሌላቸው እንግዳ ሰዎች እጅ ተሻገረ እንጂ። ይህን ነጥብ ወደ በኋላ አነሣዋለሁ።

በጎ ፈቃድና ተቋም አልጎደሉም ነበር። የኩዌት ስካውት በ1936 በሙባረኪያ ትምህርት ቤት ተጀምሮ በ1955 የዓለም ስካውት ድርጅት አባል ሆኗል። የኩዌት አካባቢ ጥበቃ ማኅበር በ1974 ተቋቁሟል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከቀደሙት አንዱ ነው። በ1978 የባሕረ ሰላጤው አገሮች የባሕር አካባቢን የሚጠብቅ ስምምነት የፈረሙት እዚያው ኩዌት ከተማ ውስጥ ነው፤ የስምምነቱ ድርጅትም ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው። ስብሰባ፣ ፖስተር፣ የትምህርት ቤት ውድድር ነበር። ይህን ዝርዝር ለሚያይ ሰው የኩዌት ታዳጊ ከጎረቤቶቹ ሁሉ የበለጠ የባሕር ጠባቂ ይመስለዋል። ሆኖም ልጁ ስለ ባሕሩ ሲማር ባሕሩ ላይ አልነበረም። ኮራል መልሕቅ ሲወርድበት እንዴት እንደሚሰበር በመጽሐፍ ማንበብና የራስን መልሕቅ ለመጣል አሸዋማ ቦታ መፈለግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በ1986 የባሕር ስፖርት ክለቡ የዕንቁ ጠላቂዎች መታሰቢያ ጉዞን ጀመረ። የአገሪቱ አሚር ሼኽ ጃቢር አል አሕመድ ለዚሁ ሥራ የሸራ ጀልባዎች ሰጡ፤ ልጆቹ ተመዘገቡ። ሥርዓቱ ከዚያ ወዲህ ይህን ይመስላል፦ ታዳጊዎቹና ወጣቶቹ ከጉዞው በፊት በሳልሚያ ይሠለጥናሉ፤ መጥለቅ፣ ገመድ መጎተት፣ ሸራ መስቀል ከአዛውንት ባሕርተኞችና ከእነሱ ከተማሩ ታላላቆች ይማራሉ። የጀልባውን ሆድ በጥንቱ ዘዴ በኖራና በስብ ይቀባሉ። በበጋ፣ የባሕሩ ሙቀት በበረታበት ወር፣ ቤተሰብ ዳርቻ ላይ ቆሞ ሲሸኛቸው ወደ ደቡብ ወደ ኺራን ይጓዛሉ፤ ለጥቂት ቀናት ይጠልቃሉ፣ ዛጎል ይከፍታሉ፣ ከዚያ በቀፋል፣ ማለትም በመመለሻው በዓል፣ ወደ ሳልሚያ ይገባሉ። በጀልባው ላይ ያው ጥንታዊ ማዕረግ አለ፤ ኖኸዳ፣ ጠላቂ፣ ጎታች፣ ረዲፍ። ዕዳ የለም፤ ጌታ የለም፤ የሚመጣው በፈቃዱ ነው። ከላይ ሁለቱን መለየት ይቻላል ወይ ላልኩት ጥያቄ የተግባር መልስ ይህ ነው።

ጉዞው ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት ብቻ አለፉና ወረራው መጣ። በ1991 ጃንዋሪ 21 ቀን ከወራሪው ነፃ የወጣችው የመጀመሪያዋ የኩዌት መሬት ቃሩ የምትባል ትንሽ የኮራል ደሴት ነበረች። ቃሩ፣ ኩብርና ኡም አል መራዲም በባሕረ ሰላጤው ሰሜናዊ ጫፍ ኮራል ያለባቸው ደሴቶች ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ የኩዌት ጠላቂዎች ቡድን የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ስሙ የታወቀው በእነዚህ ውኆች ነው፤ የሰጠሙ ጀልባዎችን አወጣ፣ ከኮራል ላይ የተጣሉ መረቦችን ፈታ፣ ጀልባዎች መልሕቃቸውን በኮራሉ ላይ እንዳይጥሉ በየደሴቱ ተንሳፋፊ ማሰሪያ ተከለ። በ2008 ደግሞ የባሕር ኤሊዎች የሚጠበቁበት ፕሮጀክት ተጀመረ፤ በቃሩና በኡም አል መራዲም ዛሬም ኤሊዎች እንቁላል እንደሚጥሉ ያረጋገጠው እሱ ነው። አያቶች የአፍንጫ መቆንጠጫቸውን ከኤሊ ልብስ ይቀርጹ ነበር፤ የልጅ ልጆች የኤሊዋን ጎጆ ይጠብቃሉ። የጉዞውንና የጠላቂዎቹን ቡድን የስም ዝርዝር አጋጥሜ እነዚህ እነዚያ ናቸው ማለቴ አይደለም። የምለው ይህን ነው፦ በጎ ፈቃደኛ ጠላቂ መሆን በኩዌት ክብር ያለው ነገር የሆነው የጠላቂ ልጅ መሆን በ1986 እንደገና ክብር ስለሆነ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት መጥለቅ የድህነት ትዝታ ነበር።

በየብስ ላይ መንግሥት የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። የኩዌት በረሃ በፀደይ ወራት የድንኳን ሰፈር ይሆናል፤ መኪናውና ሞተር ሳይክሉ ዓርፈጅ የሚባለውን የአገሪቱን ብሔራዊ ቁጥቋጦ ከሥሩ ይነቅለዋል። መልሱ አጥር ሆነ፤ በ1990 የተመሠረተው፣ ዛሬ ሰባሕ አል አሕመድ የሚባለው ጥብቅ ቦታ በአጥር የተከለለ ነው፤ በአጥሩ ውስጥ ሣሩም ወፉም ተመልሷል። አጥር ይሠራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን አጥር የሚሠራው ሰውን ከቦታው በማውጣት ነው፤ ባሕር ደግሞ አይታጠርም። ባሕርን የሚጠብቅ ሰው ውስጡ መሆን አለበት። ለዚህ ከአገራችን የሚቀርበው ምስክር መንዝ ነው። የጓሳ ሣር ለመቶዎች ዓመታት የተጠበቀው በአጥር አይደለም። የአካባቢው ሰው ራሱ በመረጠው አለቃ ቦታውን ለሦስትና ከዚያም ለበለጡ ዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ይከፍታል፣ ያጭዳል፣ መልሶ ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ሣሩ ባለቤት አጣ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ ሥልጣኑን መልሶ ሲይዝ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳውም መጠለያቸው ዳነ። የመንዝ እረኛና የኩዌት ረዲፍ የሚመሳሰሉት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚጠብቁትን ነገር ይጠቀሙበታል፣ የሚጠቀሙበትንም ያውቁታል።

ሌላው ተቃውሞ ጉዞው ቲያትር ነው የሚል ነው። የቴሌቪዥን ካሜራ አለ፣ ሚኒስትር ይገኛል፣ ዘፈኑ የአገር ፍቅር ዘፈን ነው፤ መንግሥት ከወረራው በፊትም ሆነ በኋላ ሕዝቡን በአንድ ትዝታ ሥር ለማሰባሰብ ይጠቀምበታል። እውነት ነው። ይባስ ብሎ፣ በየጉዞው ዛጎል እየለቀሙ መክፈትን ተፈጥሮ ጥበቃ ብሎ መጥራት ይከብዳል። ለመጀመሪያው የምመልሰው፣ በዓል መሆኑ ሥራ መሆኑን አያስቀርም ብዬ ነው፤ ባሕረ ጥምቀቱን የሚያዘጋጁ ወጣቶች በበዓል ስም ወንዝ ይጠርጋሉ፣ በዓል በመሆኑም ማንም ሥራቸውን አያቃልልም። ሁለተኛውን ተቃውሞ ግን እቀበላለሁ። ጉዞው ዛሬ ባለበት ሁኔታ ጥበቃ አይደለም፤ የጥበቃ መሠረት ነው። ጠላቂው ልጅ ያየውን የሚመዘግብበት ነገር የለም። ከ1986 ጀምሮ በየጉዞው ያው ውኃ፣ ያው ወለል፣ ያው ወር፤ የውኃው ሙቀት፣ የዛጎሉ ብዛትና መጠን፣ የተገኘው ቆሻሻ በልጆቹ እጅ ቢጻፍ ኖሮ ዛሬ ባሕር አጥኚዎች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የማያገኙት መዝገብ በሳልሚያ ይኖር ነበር። ይህ የታለፈ ዕድል ነው፤ አሁንም ግን አልመሸም።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ ኖኸዳው አዋቂ ነው፣ ልጆቹ ይታዘዛሉ እንጂ አይመሩም የሚለው፣ ስለ መምራት ባለን ሐሳብ ላይ ይወድቃል። ዛሬ ወጣት መሪ የምንለው ማይክ ይዞ የሚናገረውን ነው። በጀልባ ላይ መምራት በደረጃ ነው፤ የ17 ዓመቱ ጎታች የጠላቂውን ነፍስ በእጁ ይዟል፣ የ14 ዓመቱን ረዲፍ ያስተምራል። ገመዱን ቢዘነጋ የሚጠየቀው እሱ ነው። በኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ፤ ተማሪው በገፍ ወጥቶ ተከለ። የሚያኮራ ቀን ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ ተማሪ ስንቱ የተከለውን ችግኝ በስም ተረክቦ በሦስተኛው ዓመት በጎርፍና በፍየል ፊት ተጠያቂ ሆነ? ለአንድ ቀን የሚጠራ እጅ ቁጥር ይሆናል፤ ድርሻ ያለው እጅ ጠባቂ ይሆናል። የጀልባው ማዕረግ ከዚህ አንፃር ከብዙ የዘመኑ ዘመቻዎች የተሻለ አሠራር ነው።

እኔ ግን ጉዞው ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ሌላ ነው፤ እስካሁን ያላነሣሁትም ከሁሉ የከበደ ስለሆነ ነው። የአገሬው ልጆች ጉዞ ነው፤ የወንዶችም ጉዞ ሆኖ ቆይቷል። በኩዌት ከሚኖረው ሕዝብ ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የውጭ ዜጋ ነው፤ በሐዋሊና በሳልሚያ ደግሞ ይህ በዓይን ይታያል። ሐዋሊ ከ1948 በኋላ የፍልስጤማውያን ከተማ ነበረች ማለት ይቻላል፤ ከጦርነቱ በኋላ አብዛኞቹ ከአገሪቱ ወጡ፤ በምትካቸው ግብፃዊው፣ ሶርያዊው፣ ሕንዳዊው፣ ፊሊፒኖው ገባ። በየሕንፃው ውስጥ የሚሠሩ የእኛም እህቶች አሉ። በእነዚህ ሰፈሮች ተወልዶ ያደገ ልጅ ባሕሩ ከቤቱ የአጭር መንገድ ርቀት ላይ ሆኖ ወደ ጀልባው መግቢያ የለውም። ታሪኩ ራሱ ግን ይህን አጥር አያውቅም። የጥንቱ ጀልባ ላይ የኩዌት ሰው፣ በደዊ፣ ፋርስ፣ በሉች፣ አፍሪካዊ በአንድ ገመድ ይሠሩ ነበር፤ አንዳንዱ በፈቃዱ፣ አንዳንዱ በግዴታ። በግድ ያስገባን ጀልባ በፈቃዳችን ለመግባት ስንፈልግ ቅርስ ነው ብሎ መዝጋት ቅርሱን ማሳነስ ነው። ዓሣ አጥማጁ ባንግላዴሻዊ ዛሬ የኩዌትን ባሕር ከብዙ ኩዌታዊ በላይ እያወቀው፣ ልጁ ስለዚያ ባሕር ድምፅ የለውም።

ባሕሩ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በ2001 በኩዌት የባሕር ወሽመጥ ከሁለት ሺህ ቶን በላይ ዓሣ ሞቶ ዳርቻው ላይ ተከመረ። በ2009 እዚያው በሐዋሊ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ያለው የሚሽሪፍ የፍሳሽ ማስተላለፊያ ጣቢያ ሲበላሽ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ባሕር ተለቀቀ። በ2020 ጁላይ በወሽመጡ የተለካው የውኃ ሙቀት 37.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ በዓለም ላይ ከተመዘገቡት የባሕር ገጽ ሙቀቶች ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ጎረምሶች የፍሳሽ ጣቢያ አይጠግኑም፣ የዓለምን ሙቀትም አያበርዱም፤ ይህን የሚጠይቃቸው ካለ ሸክሙን ከትከሻው ለማውረድ የፈለገ አዋቂ ነው። የ2014ቱ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ቁጥር 42 ወጥቷል፤ ሕጉን ማስከበር የመንግሥት ሥራ ነው። ሆኖም ዓሣ ሲሞት ቀድሞ የሚያስተውለው፣ የውኃው ቀለም ሲለወጥ ቀድሞ የሚጮኸው፣ ባሕሩ ውስጥ የሚውል ሰው ነው። በሳይንስ ማዕከሉ ደጃፍ ፈትሕ አል ኸይር የሚባል በ1938 የተሠራ የሸራ መርከብ ቆሟል፤ ከነዳጅ በፊት ከነበሩት የረጅም ጉዞ መርከቦች የተረፈው እሱ ነው ይባላል። ጎብኚ ያየዋል፣ ፎቶ ይነሣል። መርከቡን መጠበቅ መልካም ነው። መርከቡ ላይ ይሠሩ የነበሩትን የልጆች ድርሻ መጠበቅ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እሱም በአቅራቢያው ባለው ክለብ እጅ ነው።

ስለዚህ ለክለቡ አስተዳዳሪዎች፣ በሐዋሊና በሳልሚያ ላሉ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች፣ ለእኛም ለወላጆች የምለው ይህ ነው። በሚመጣው በጋ የምዝገባው ወረቀት ላይ የዜግነት ሳጥን አይኑር፤ ወንድም ሴትም ይመዝገብ። እያንዳንዱ ጀልባ የሙቀት መለኪያና መዝገብ ይያዝ፤ መዝገቡን የሚጽፈው የጀልባው ታናሽ ረዲፍ ይሁን፤ ጀልባዎቹ ሲመለሱም መዝገቡ ለሳይንስ ማዕከሉና ለአካባቢ ባለሥልጣኑ ይሰጥ። ኖኸዳዎቹ ሥራውን ያውቁታል፤ ጀልባዎቹ አሉ፤ ልጆቹም በየሕንፃው አሉ።